ቤቱን የገዛሁት ዘንድሮ፣ የተቆጠረብኝ የስድስት ዓመት

ይድረስ ለእትዬ፣

ለንደን የምኖር ኬረር (ሰው ተንከባካቢ) ነኝ። ከዕቁብና ከአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባ የተራረፈችኝን ይዤ በጃንዋሪ 2025 ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ አንዲት አሮጌ ቤት በኦክሽን (በጨረታ) ገዛሁ። ጣሪያዋ ያፈሳል፣ የላይኛው ፎቅ ወለል በስብሷል። አድሼ ላከራያት ነበር ያሰብኩት። ቢልደሩ (ግንበኛው) ሜይ ላይ ጀመረ። ግማሹን ጣሪያ አውርዶ ጁላይ ላይ ጠፋ። ስልክ አያነሳም።

ይኸ ሳያንሰኝ ለካውንስሉ (ለአካባቢው መስተዳድር) የሚከፈለው የቤት ግብር፣ የካውንስል ታክሱ ቢል መጣ። መደበኛው በዓመት 1,500 ፓውንድ ነው። እኔን 4,500 ይሉኛል። ለምን ብዬ ስጠይቅ ቤቱ ከማርች 2019 ጀምሮ ባዶ ነው፣ አምስት ዓመት ስላለፈው 200 ፐርሰንት ይጨመርበታል አሉኝ። እኔ የገዛሁት በጃንዋሪ! ሦስት ጊዜ ደውዬ ተጨቃጨቅኩ። አንዷ «ፖሊሲያችን ነው» ብላ ዘጋችብኝ። ጎረቤቴ አሮጊቷ በኮሮና ጊዜ ሰዎች ገብተውበት ነበር ትላለች፤ ለእኔ ምን ያደርግልኛል። የማኅበር ጓደኞቼ ደግሞ አልጋ አስገቢና የአክስቴ ልጅ ይኖርበታል በያቸው ይሉኛል። ክፍያውን ላቁም ወይ? ይኸስ ፍትሕ ነው ወይ?

ግራ የገባት

*

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ፍትሕ ነው ወይ ላልሽው፣ እኔንም ያንገበግበኛል። ሌላ ሰው ዘግቶ ለተወው ቤት አንቺ ስትቀጪ ማየት ደስ አይልም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ካውንስሉም ሆነ ከካውንስሉ በላይ ያለው ትሪቡናል (የዚህን ግብር ክርክር የሚያየው ችሎት) ይኸን ጥያቄ አይፈርዱልሽም። እነሱ የሚያዩት ቀን ነው። ቤቱ ከመቼ እስከ መቼ ባዶ ነበር? ጥገናው መቼ ተጀመረ? ደብዳቤሽ መቼ ደረሰ? ሦስት ጊዜ ደውለሽ የተጨቃጨቅሽው ስለ ፍትሕ ነው፤ ስለ ቀን ግን አንድም መስመር አልጻፍሽም። ስለዚህ እስካሁን በሕጉ ዓይን ምንም አልተከራከርሽም። ይኸ ክፉ ዜና ይመስላል፤ ለአንቺ ግን ደግ ነው፤ ገና ምንም አልተበላሸብሽም ማለት ነው።

ሕጉ የሚቆጥረው ቤቱን ነው፤ ባለቤቱን አይደለም። ቤቱ በእጅሽ ሲገባ ባዶ የቆየበት ዘመን አብሮት ይመጣል፤ ልክ እንደ ጣሪያው ቀዳዳ። ኦክሽን ላይ ቤት የሚረክሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ሶሊስተርሽ (ግዢውን የያዘልሽ የሕግ ሰው) ከመፈረምሽ በፊት «ይኸ ቤት ከመቼ ጀምሮ ነው ባዶ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ያለፈ አለፈ። ሌላ ሰው ይኸን እያነበበ የኦክሽን ካታሎግ ከፍቶ ከሆነ ግን ይቺን ጥያቄ አይርሳት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልንገርሽ፤ ስትጽፊላቸው ይጠቅምሻል። በእንግሊዝ ካውንስሎች በባዶ ቤት ላይ ጭማሪ መጣል የቻሉት ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ነው። ያኔ ሁለት ዓመት ባዶ ለሆነ ቤት እስከ 50 ፐርሰንት ነበር። በ2019 ወደ 100 ከፍ አለ። በ2020 አምስት ዓመት ላለፈው 200፣ በ2021 ደግሞ አሥር ዓመት ላለፈው 300 ተፈቀደ። ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ሁለት ዓመት መጠበቁም ቀረ፤ አንድ ዓመት ይበቃል። 100 ፐርሰንት ጭማሪ ማለት እጥፍ መክፈል ነው። 200 ሦስት እጥፍ፣ 300 አራት እጥፍ። እነዚህ ጣሪያዎች ናቸው። ካውንስሉ ከዚያ ያነሰ መጣል ይችላል፣ ጨርሶ አለመጣልም ይችላል፤ አብዛኞቹ ግን ገንዘብ ስለቸገራቸው ጣሪያውን ይነካሉ። ስለዚህ «ፖሊሲያችን ነው» ያለችሽ ሴትዮ አልዋሸችም። ያልነገረችሽ ግን ፖሊሲው ቀዳዳ እንዳለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጎረቤትሽ ያለችውን በአንድ መስመር ዘለልሽው። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብለሽ። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ከወንበሬ የተነሳሁት እዚያች መስመር ላይ ነው።

ሕጉ ጭማሪ የሚጥለው ቤቱ ሳይቋረጥ ባዶ ሲሆንና የቤት ዕቃም የሌለበት ሲሆን ነው። «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ያዣት። በመሃል ሰው ገብቶ ከስድስት ሳምንት ያልበለጠ ከቆየ እንዳልገባ ይቆጠራል። ከስድስት ሳምንት በላይ ከኖረ ግን ቆጣሪው ዜሮ ይሆናል፤ ከወጣበት ቀን እንደገና ይጀምራል። እንግዲህ እንበልና በኮሮና ጊዜ ገቡ የተባሉት ሰዎች ከጁን እስከ ኦገስት 2021 እዚያ ኖረዋል። ቤቱ ባዶ መባል የሚጀምረው ከሴፕቴምበር 2021 ነው። አንቺ በገዛሽበት ቀን ሦስት ዓመት ከምናምን ነው የሆነው። አምስት ዓመት አልሞላም። ጭማሪው ከ200 ወደ 100 ይወርዳል፤ በዓመት 4,500 የነበረው 3,000 ይሆናል። 200 የሚባለው ነገር እስከ ሴፕቴምበር 2026 ድረስ አይመጣም። አሮጊቷ አንድ ሺህ አምስት መቶ ፓውንድ ነው የነገረችሽ።

ግን ወሬ ማስረጃ አይሆንም። ማን ነበሩ? ተከራዮች ናቸው? የባለቤቱ ዘመዶች? መቼ ገቡ፣ መቼ ወጡ? በሶሊስተርሽ በኩል የድሮውን ባለቤት አስጠይቂው፤ የኪራይ ውል ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ የጋዝና የመብራት ቆጣሪ ንባብ አለ፤ ባዶ ቤት መብራት አይበላም። የመራጮች መዝገብ አለ። ካውንስሉ ራሱ በዚያ ጊዜ ለዚያ አድራሻ ለማን ቢል እንደላከ ፋይሉን እንዲያይ በጽሑፍ ጠይቂው፤ የሰዎቹን ስም ላይነግርሽ ይችላል፣ ግን ማየት አለበት። ሌላ የማይታሰብ ነገር ደግሞ የጉግል የመንገድ ፎቶ ነው። የድሮ ዓመታት ፎቶዎች ከነወራቸው ይገኙበታል። መስኮት ላይ መጋረጃ፣ በር ላይ የቆሻሻ ጋሪ፣ ደጅ ላይ የልጅ ብስክሌት ካየሽ አትሚው። ብቻውን አያሸንፍም። ከሌላው ጋር ሲሆን ግን ያግዛል።

ሁለተኛው መሣሪያሽ ጥገናው ነው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ በመላ እንግሊዝ ካውንስሎች ጭማሪ እንዳይጥሉባቸው የተከለከሉ የቤት ዓይነቶች አሉ። ክላስ እየተባሉ በፊደል ይጠራሉ። የአንቺ ክላስ ኤም ነው፦ ትልቅ ጥገና የሚያስፈልገው ወይም በጥገና ላይ ያለ ባዶ ቤት። እስከ 12 ወር ድረስ ጭማሪው ይነሳለታል። ይኸ የካውንስሉ ቸርነት አይደለም፤ ደንብ ነው። ስልክ ያነሳችው ሴትዮ ይኸን ልትነግርሽ ይገባ ነበር።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። ትልቅ ጥገና ሲባል ቀለም መቀባት፣ ኩሽና መቀየር፣ ሻወር ማስገባት አይደለም። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ ወለል፣ መሠረት ነው። አንቺ ጣሪያም ወለልም አለሽ፤ በዚህ አትሰጊ። የምሰጋልሽ ቢልደሩ በመጥፋቱ ነው። ካውንስሉ መጥቶ አይቶ «ሥራው ቆሟል፤ ጥገና ላይ አይደለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሥራው እንደቀጠለ የሚያሳይ ወረቀት ሰብስቢ። ከሌላ ሁለት ሦስት ቢልደር የዋጋ ማቅረቢያ። ሰርቬየር (የቤት መርማሪ ባለሙያ) ካየው ሪፖርቱን። ለቢልዲንግ ኮንትሮል (ለካውንስሉ የግንባታ ቁጥጥር ክፍል) ያስመዘገብሽበት ቁጥር ካለ እሱ ወርቅ ነው፤ የካውንስሉ የራሱ ማኅደር ስለሆነ ሊክዱት አይችሉም። የኦክሽኑ ካታሎግ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ በጃንዋሪ ጣሪያው እንዴት እንደነበር ይመሰክርልሻል። የጠፋው ቢልደር የሰጠሽን ደረሰኝም አትጣይው፤ ሰውዬው ቢጠፋም ቀኑ አለ።

ከመቼ ጀምሮ ይነሳልኝ ብለሽ ነው የምትጠይቂው? ከኤፕሪል 1። ሥራው የተጀመረው በሜይ ነው ቢሉሽ «ጥገና የሚያስፈልገውም ይጨምራል፤ ጣሪያው በኤፕሪልም ያፈስ ነበር» በይ። ከኤፕሪል ካልሰጡሽ ቢያንስ ከሜይ ይስጡሽ። እንዲያውም ጠቅላላ ዓመቱ ከተነሳልሽ 3,000 ፓውንድ ነው የሚቀርልሽ። መደበኛው 1,500 ግን አይነሳም፤ ክላስ ኤም የሚያነሳው ጭማሪውን ብቻ ነው። አንዳንድ ካውንስሎች ለማይኖርበት ቤት ከመደበኛውም ላይ ለተወሰነ ጊዜ ቅናሽ ያደርጋሉ። የአንቺው ያደርግ እንደሆነ በዚያው ደብዳቤ ጠይቂ። መጠየቅ አያስከፍልም።

አንድ ነገር ልብ በይ። አሥራ ሁለቱ ወር ሲያልቅ ጭማሪው ይመለሳል፤ ጊዜው ሲያልፍ ቆጣሪው አልቆመም። ጣሪያው በክረምት ክፍት ሆኖ እንዳያድር ብቻ ሳይሆን ለዚህም ስትይ ቶሎ ሰው ፈልጊ።

ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለው ቀረ አይደል? ያኔ ክላስ ኤም ገና አልመጣም። የወሩ ጭማሪ 250 ፓውንድ ስለሆነ ከ750 አይበልጥም። ለዚህ የቀረሽ የልመና አንቀጽ ነው። እኔ ያልኩት ነው እንጂ ሕጉ ልመና አይለውም፤ አንቀጽ 13ኤ(1)(ሲ) ይባላል። ካውንስሉ የማንኛውንም ሰው ካውንስል ታክስ፣ ቢፈልግ እስከ ዜሮ፣ መቀነስ ይችላል። ገቢሽን፣ ወጪሽን፣ በቢልደሩ ያጣሽውን ጻፊ። ፖሊሲያችን ነው ብለው ብቻ እንዲዘጉት አትፍቀጂላቸው፤ የአንቺን ጉዳይ በተለይ አይተው ምክንያት መስጠት አለባቸው። ግን ተስፋሽን እዚህ ላይ አትጣይው። ካውንስሎች ይቺን በር ጠበብ አድርገው ነው የሚከፍቷት።

እንግዲህ ደብዳቤው። ኢሜይል ይበቃል፤ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ምላሽ ግን ያዢ። ርዕሱ ላይ በግልጽ በ1992ቱ የሎካል ገቨርንመንት ፋይናንስ አክት አንቀጽ 16 መሠረት የቀረበ መቃወሚያ መሆኑን ጻፊ። ይቺ ቃል ለምን ታስፈልጋለች? «ቅሬታ አለኝ» ብለሽ ከጻፍሽ ወደ ቅሬታ ክፍል ይልኩታል። ቅሬታ ክፍል ይቅርታ ይጠይቅሻል፤ ቢሉ እንዳለ ይቆያል። አንቀጽ 16 ካልሽ ግን የሕግ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ካውንስሉ መልስ ለመስጠት ሁለት ወር አለው። መልሱ ካላረካሽ ከመልሱ ቀን ጀምሮ ባለው ሁለት ወር ውስጥ ወደ ትሪቡናል ትሄጃለሽ። ጨርሶ ካልመለሱልሽ፣ መጀመሪያ ከጻፍሽበት ቀን አራት ወር ሳይሞላ መሄድ አለብሽ።

ስለዚህ ሰዓት ከራሴ ልንገርሽ፤ ተቃጥዬ ነው የማውቀው። ከዓመታት በፊት አንዲት አነስተኛ ፍላት ነበረችኝ። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ የተሳሳተ ቢል ላኩብኝ። ካውንስሉን አልጠራውም። በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ አንዱ «አስተካክለነዋል» ይለኛል፣ ሌላው «ፋይሉ ላይ ምንም የለም» ይላል። በመጨረሻ የጻፉልኝን እምቢታ ተበሳጭቼ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሳወጣው ሁለቱ ወር አልፏል። እውነቱ የእኔ ነበር፤ ቀኑ ግን የእነሱ ሆነ። 340 ፓውንድ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ካውንስል ስደውል የተነጋገርነውን ወዲያው በኢሜይል እልክላቸዋለሁ፦ «ዛሬ በዚህ ሰዓት እንዲህ ብላችሁኛል» ብዬ።

ደብዳቤው ውስጥ ሦስቱን ነገር ለየብቻ አስቀምጪ። አንድ፣ ቤቱ ባዶ የሆነው ከማርች 2019 አይደለም፤ በመሃል ሰው ኖሮበታል፤ ማስረጃዬ ይኸው። ሁለት፣ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ክላስ ኤም ይመለከተኛል፤ ማስረጃዬ ይኸው። ሦስት፣ ለቀረው ጊዜ በ13ኤ ቅነሳ እጠይቃለሁ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው አብሮት እንዳይወድቅ። ስለ ቢልደሩ ክፋት፣ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ዕቁቡ በሦስተኛው ላይ ብቻ ጻፊ። በአንደኛውና በሁለተኛው ላይ እንባ ካፈሰስሽ አንባቢው ቀኑን ይዘነጋዋል።

ትሪቡናሉ ቫልዩኤሽን ትሪቡናል ፎር ኢንግላንድ ይባላል። ከካውንስሉ ነፃ ነው። ክፍያ የለውም። ብትሸነፊ የካውንስሉን ወጪ አያስከፍልሽም። ጠበቃም አያስፈልግሽም፤ ብዙ ሰው ብቻውን ነው የሚቀርበው፣ አብዛኛው ጊዜም በቪዲዮ። እንግሊዝኛው ካስጨነቀሽ አስተርጓሚ ቀድመሽ ጠይቂ። ፍርድ ቤት ሲባል ሆድሽ እንዳይባባ፤ ወረቀትሽን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረሽ ከገባሽ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል።

ክፍያ ላቁም ወይ ላልሽው፣ በፍጹም። ይኸ ብዙ ሐበሻ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ክርክር ላይ ነኝ ማለት ክፍያን አያስቆምም። ካቆምሽ አስታዋሽ ደብዳቤ ይመጣል። ከዚያ በየወሩ የመክፈል መብትሽን ታጪና የዓመቱ በሙሉ ባንዴ ይጠየቃል። ከዚያ ሰመንስ (የፍርድ ቤት መጥሪያ)፣ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት፣ የፍርድ ቤት ወጪ። እዚያ ቆመሽ «ጭማሪው ስህተት ነው» ብትያቸው «እሱ የትሪቡናል ጉዳይ ነው» ብለው ያልፉሻል። የምትችዪው አንድ ነገር ነው፤ የወሩን ክፍያ መክፈል ካቃተሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸውና የክፍያ ስምምነት ጠይቂ፣ ክርክሩ እስኪያልቅም ማስገደዱን እንዲያቆዩልሽ ለምኚ። አንዳንዱ እሺ ይላል። ካሸነፍሽ የከፈልሽው ይመለስልሻል ወይም ለሚቀጥለው ቢል ይያዝልሻል።

አሁን አልጋው። የማኅበር ጓደኞችሽ የሚወዱሽ ናቸው፤ ምክራቸው ግን ገደል ነው። ጣሪያ በሌለው ቤት የአክስትሽ ልጅ ይኖራል ብለሽ ልትፈርሚ? ካውንስሉ ተቆጣጣሪ ይልካል። ለካውንስል ታክስ የተሳሳተ መረጃ መስጠት በራሱ 70 ፓውንድ ያስቀጣል፤ እሱስ ቀላል ነው። አውቀሽ የዋሸሽ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ማጭበርበር ክስ ይሄዳል። ኬረር ነሽ፤ ከሥራሽ በፊት ዲቢኤስ (የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ) ይታያል። በዚህ ላይ ያንን መዝገብ አትጨምሪበት። ከዚህ ሌላ አልጋውም ብዙ አያዋጣም። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ዕቃ ኖሮት ሰው በማይኖርበት ቤት ላይም ካውንስሎች እስከ 100 ፐርሰንት መጣል ይችላሉ። ሁለተኛ ቤት ይሉታል። አንድ አልጋና አንድ ወንበር ደግሞ ቤቱን ባለ ዕቃ አያሰኘውም።

እውነተኛ መኖር ሌላ ነገር ነው። ጣሪያው ተሠርቶ ከታች አንድ ክፍልና ሻወር ሲስተካከል እውነተኛ ተከራይ ብታስገቢ፣ ጭማሪው ተከራዩ በገባ ቀን ይቆማል። ቢሉም ወደ እሱ ይዞራል።

ቤቱ ጨርሶ ቤት አይባልም ብዬ ከመዝገብ ላሰርዘውስ ብለሽ ልታስቢ ትችያለሽ። ቫልዩኤሽን ኦፊስ የሚባለው መሥሪያ ቤት ይኸን ያደርጋል፤ ሲሰረዝ መደበኛውም ቢል ይቀራል። ግን የሚሰረዘው የፈረሰ፣ ልክ ባለው ጥገና ሰው ሊኖርበት የማይችል ቤት ነው። ጥገናው ውድ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ግድግዳሽ ቆሟል፤ ጊዜሽን እዚህ ላይ አታጥፊ። ሰርቬየር ግድግዳውም ሊወድቅ ነው ካለሽ ግን እንነጋገራለን።

ከዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር ልስጥሽ። ቤት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ዓመት ባዶ ከነበረ፣ የእድሳቱ ቫት 20 ሳይሆን 5 ፐርሰንት ነው። ብዙ ቢልደር አያውቀውም፣ የሚያውቀውም አያነሳውም። በ2021 ሰው ነበረበት ብትዪም ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ባዶ ነበርና ሁለቱ ነገር አይጋጭብሽም። በብዙ ካውንስሎች ውስጥ ኤምፕቲ ሆምስ ኦፊሰር (የባዶ ቤቶች ኃላፊ) የሚባል ሰው አለ፤ ቤቱ ሁለት ዓመት ባዶ እንደነበር የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እንዲሰጥሽ ጠይቂውና ለአዲሱ ቢልደር ከውሉ በፊት አሳዪው። ቫት የተመዘገበ ቢልደር መሆን አለበት። አንዴ 20 ከከፈልሽ መንግሥት ለአንቺ አይመልስልሽም፤ ቢልደሩን ነው የምትለማመጪው፤ እሱን ደግሞ ቀምሰሽዋል።

የጠፋው ቢልደር ነገር ራሱን የቻለ ዓምድ ይፈልጋል። ለጊዜው፣ የወሰደብሽ ከ10,000 ፓውንድ ካልበለጠ በስሞል ክሌምስ (በአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ችሎት) ያለ ጠበቃ መክሰስ ትችያለሽ። መጀመሪያ አድራሻውን አግኚ።

ለሌሎች አንባቢዎችም ሁለት ቃል፣ ይኸን ደብዳቤ አይተው «እኔንም» የሚሉ ስላሉ። ቤተሰብ ሞቶባችሁ ቤቱ ባዶ የሆነ፣ ፕሮቤት (የሟችን ንብረት ለማስተዳደር የሚሰጠው ሕጋዊ ፈቃድ) እስኪወጣ ምንም አይከፈልም፤ ከወጣ በኋላም ቤቱ ገና የሟች ንብረት ከሆነ ስድስት ወር ነፃ ነው፤ ጭማሪው ደግሞ ፕሮቤቱ ከወጣበት ቀን አንድ ዓመት አይነካችሁም። ለሽያጭ ወይም ለኪራይ በእውነት ገበያ ላይ ያወጣችሁም እስከ 12 ወር ጭማሪ አይጣልባችሁም። «በእውነት» ያልኩት ሁለት ሚሊዮን ጠርቶ ገዢ አጣሁ የሚል ስላለ ነው። ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ ደንባችሁም ትሪቡናላችሁም ሌላ ነው፤ የዚህን ገጽ ቁጥር ይዛችሁ እንዳትከራከሩ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው የጎረቤትሽ ነው። አሮጊት ናት ብለሻል፤ ነገ ከነገ ወዲያ አትበይ። በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽ ባቡር ያዢ። ትንሽ ኬክ ግዢላት፣ ቁጭ በዪና ታውራሽ። ዓመቱን ብትረሳ አታስገድጃት፤ የምታስታውሰውን ነገር ጠይቂያት። ሰዎቹ ሲገቡ ክትባቱን ወስዳ ነበር? ሲወጡ ቅዝቃዜው ገብቶ ነበር? ልጆች ነበሯቸው፣ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር? ከዚያ በራሷ ቃል፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ገጽ ጻፊላትና አንብባ ትፈርምበት፤ ስሟን፣ አድራሻዋን፣ እዚያ ሰፈር ስንት ዓመት እንደኖረችና የፈረመችበትን ቀን ጨምሪ። ያላየችውን አታስጽፊያት። «ሦስት ወር ገደማ ይመስለኛል» ካለች «ሦስት ወር ገደማ ይመስለኛል» ብለሽ ጻፊ። መልሱ ሲመጣልሽ ጻፊልኝ።

እትዬ